ሳብ 9-5 ልግዛ ወይ ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ስዊድን ከመጣህ ዓመት አልሞላህም። ለቤተሰብ የሚሆን ሰፋ ያለ መኪና ስትፈልግ ሁለት የስዊድኑ ሳብ ሥራ የሆኑ 9-5 አይተሃል። አንዱ የ2007 ባዮፓወር፣ በኢታኖልም የሚሄደው ነው፤ ሌላው አዲሱ ቅርጽ፣ የ2011። ኩባንያው ከስሯል፣ ታዲያ መግዛቱ ያዋጣል ወይ? ከዘመን ዘመንስ መኪናው ምኑ ተለወጠ? ብለሃል።

ይሄን መኪና ከ15 ዓመት በላይ ነድቼዋለሁ። ሦስት ገዝቻለሁ። ሙያዬ መካኒክነት አይደለም፤ ግን የመጀመሪያው ካስለቀሰኝ በኋላ መፍታትና መግጠም ተምሬበታለሁ። የምኖረው ጎተንበርግ ነው። መኪናው የተሠራባት ትሮልሄታን በኢ45 መንገድ አንድ ሰዓት አትሞላም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። የ2007ቱን ግዛ። ግን ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ወርዶ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ሳታይ፣ ወይም ያንን ሥራ የሚያሳይ ደረሰኝ ሳይሰጥህ፣ ሰባራ ክሮና እንዳትከፍል። ለምን እንደምል እንድታውቅ ከመነሻው ልጀምር።

ከ9-5 በፊት የሳብ ትልቁ መኪና 9000 ነበር። የወጣው በ1984 ነው። መሠረቱን ከጣሊያኖቹ ከፊያት ክሮማ፣ ከላንቻ ቴማና ከአልፋ ሮሜዮ 164 ጋር ይጋራል። ጥሩ መኪና ነበር፤ ዛሬም የሚነዱት አሉ። የጀርመኑ ኦፔል ባለቤት የነበረው ጄኔራል ሞተርስ የሳብን ግማሽ ድርሻ ከገዛ በኋላ ግን ተተኪው በኦፔል ቬክትራ መሠረት ላይ ተሠራና በ1997 ወጣ። 9-5 ማለት ይሄ ነው። በመጀመሪያ ሰዳኑ፣ በዓመቱ ደግሞ ስቴሽኑ። የመጀመሪያው ትውልድ እስከ 2009 ድረስ ከ480 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ለዚህ ነው እስካሁን በየመንደሩ የምታየው።

«ያው ኦፔል ነው» የሚልህ ሰው አያጣህም። አትስማው። ቁጭ ብለህ ስትነዳው ይገባሃል።

የመጀመሪያዬን የገዛሁት በኅዳር ነው። ያን ማታ ከትሮልሄታን ወደ ቤት ስመለስ ዝናብ ነበር፣ መንገዱም ድቅድቅ ያለ ጨለማ። ሻጩ «ናይት ፓነል» የሚል ቁልፍ አሳይቶኝ ስለነበር ተጫንኩት። ክሩስኮቱ ጠፋ። የሙቀቱ፣ የነዳጁ፣ የቱርቦው መለኪያ ሁሉ ጨለመ። የቀረው የፍጥነት መለኪያው ብቻ ነው፣ እሱም እስከ 140። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኔ ከጨለማው ጋር ተስማማ፤ የመንገዱን ዳር፣ የጥዶቹን ጥላ ሁሉ ማየት ጀመርኩ። ነዳጅ ካነሰ ወይም ሞተር ከሞቀ የሚመለከተው መለኪያ በራሱ ይበራል። በሌላ መኪና ማታ ስነዳ አሁንም ያ ቁልፍ ይናፍቀኛል።

ሐሳቡ የአውሮፕላን አብራሪ ሐሳብ ነው። ሳብ ሲጀመር አውሮፕላን ሠሪ ነበራ። በነገራችን ላይ ስሙ ለኛም አገር እንግዳ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይላችንን ያደራጀው ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። ያኔ ኢትዮጵያ የገዛቻቸው ቢ-17 ቦምብ ጣዮችም የሳብ ሥራ ናቸው። በ1947 ሳፊር የምትባለውን ትንሽ የሳብ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ ሳያርፍ ያበረረውም እሱ ነው። በኋላም በ1977 ጎዴ ላይ በሶማሊያው ጦርነት ሕይወቱ አለፈ። ይሄን ታሪክ ለልጆቼ የነገርኳቸው 9-5 ውስጥ ሆነን ነው።

ሌላው ወንበሩ ነው። የፊት ወንበሮቹ የራስ መደገፊያ በመደገፊያው ውስጥ ካለ ዘንግ ጋር ተያይዟል። ከኋላ ስትገጭ ጀርባህ ወደ ወንበሩ ይጫናል፤ ያ ጫና ዘንጉን ይገፋዋል፤ ራስ መደገፊያው ወደ ፊትና ወደ ላይ መጥቶ ጭንቅላትህን ይቀበለዋል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ኮምፒዩተር የለው። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ቀይ መብራት ላይ ቆማ ከኋላ ተገጭታለች። የኋላው ፓራውርቲ እንዳልነበር ሆነ፤ እሷ በማግስቱ ሥራ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ መኪና ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ታገሰኝ፤ የገንዘብህ ጉዳይ ያለው እዚህ ነው።

በብዛት የምታገኘው 2.0 እና 2.3 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚገባለት) ነው። ቫልቮላዎቹን በጊዜያቸው የሚያስከፍተው የብረት ካቴና ነው እንጂ የጎማ ታይሚንግ ቺንጋ አይደለም። ጉልበታሙ ኤሮ የሚባለው ነው፤ 230 የፈረስ ጉልበት ይዞ ወጣ፣ ከዚያ 250፣ በመጨረሻም 260 ደረሰ። ለቤተሰብ ግን ተራው ይበቃሃል። ይሄ ሞተር በወጉ ከተያዘ 400 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶም አይደክመውም። ልብ በል፣ እዚህ አገር ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው «ሚል» ነው። አንድ ሚል 10 ኪሎ ሜትር ነው። «23 000 ሚል» ካየህ 230 ሺህ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እኔ እንደመጣሁ በዚህ ተሸውጃለሁ።

የሞተሩ ጠላት ዝቃጭ ነው። እስከ 2003 ሞዴል ድረስ የነበሩት ሞተሮች የውስጥ ትንፋሻቸው በደንብ አይወጣም ነበር። በክረምት አጭር አጭር መንገድ ስትሄድ እርጥበትና የነዳጅ ትነት ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። በዚያ ላይ ካታሊቲኩ (የጭስ ማጣሪያው) ለኮፓው ቅርብ ስለሆነ ዘይቱን ያበስለዋል። ርካሽ ዘይት ከጨመርክና መቀየሪያውን ካራዘምክ ዘይቱ ወደ ጥቁር ፍርፋሪ ይለወጣል። ፍርፋሪው የፓምፑን ወንፊት ይዘጋል። ከዚያ ቱርቦው ዘይት ያጣል፣ ኩሽኔታዎቹ ይበላሉ። ችግሩ የታወቀ ስለነበር ኩባንያው ራሱ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የዋስትናውን ጊዜ ወደ 8 ዓመት አራዝሞ ነበር። እዚያ ያላችሁም ያገለገለ 9-5 ስታዩ ይሄን አስቡ።

የኔ የመጀመሪያው የ2000 ሞዴል፣ 2.3 ቱርቦ ነበር። አንድ ቀን ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ መብራት ላይ ስቆም ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ጋራዥ ወሰድኩት። «ሴንሰሩ ነው» ብለው ቀየሩልኝ። መብራቱ ለጥቂት ቀን ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፤ ቆሜ ሳጠፋው አበቃ። አዲስ ለመጣ ሰው የዚያ ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ።

በኋላ ከአንድ ወዳጄ ጋር ኮፓውን ራሳችን አወረድነው። የጭስ ማውጫውን የፊት ቱቦ ፈታን፣ ብሎኖቹን ዙሪያውን አወጣን፣ ኮፓው በጓርኒሲዮኑ (በማሸጊያው) ተጣብቆ ስለነበር በፕላስቲክ መዶሻ መታ መታ አደረግነው። ወንፊቱን አውጥቼ በባትሪ አየሁት። መዳፍ የማትሞላ ነገር ናት። ከላይዋ በተቃጠለ የቡና አተላ የተለሰነች ትመስላለች። በጣቴ ስጠርገው እየተፈረከሰ ወረደ፤ ከሥሩ የሚታይ ክፍት ቀዳዳ በጣት የሚቆጠር ነበር። ሴንሰሩ ምንም አልነበረውም። እውነቱን ነበር የሚናገረው።

ከዚያ ወዲህ በማንኛውም 9-5 ላይ መጀመሪያ የማየው ያቺን ወንፊት ነው። ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት እጠቀማለሁ፣ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። መጽሐፉ ከዚያ በላይ ይፈቅዳል፤ እኔ አልፈቅድም።

ከዘመን ዘመን ምን ተለወጠ ላልከው፣ ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ በዓይን የማይታየው ነው። በ2002 ሞዴል ፊቱን አደሱት፣ አውቶማቲክ ካምቢዮው ከአራት ወደ አምስት ማርሽ አደገ። ትልቁ ነገር ግን በ2004 ሞዴል የመጣው አዲሱ የሞተር መተንፈሻ ነው። ጥቂት ቱቦና ቫልቮላ ብቻ ነው፤ ሞተሩን ግን ሌላ ሞተር አደረገው። ለድሮዎቹም የሚገጠም ኪት ወጥቶላቸዋል። በ2006 ሞዴል የፊት መብራቶቹ ዙሪያ ወፍራም ክሮም ተደረገባቸው፤ መነጽር ያደረገ ይመስላል። ብዙ ሰው ይጠላዋል። እኔ ለመድኩት፣ አሁን ያለኝም እሱ ነው።

ባዮፓወሩ የመጣውም በዚያው ሰሞን፣ በ2005 ነው። ኢ85 የሚባለውን፣ አብዛኛው ኢታኖል የሆነ ነዳጅ ይወስዳል፤ ቤንዚንም ይወስዳል፤ ቢቀላቀልም ግድ የለውም። 2.0ው በቤንዚን 150፣ በኢታኖል 180 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ኢታኖል ኦክቴኑ ከፍ ያለ፣ ማለትም በግፊት ያለጊዜው የማይቀጣጠል ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ይሄን አውቆ የቱርቦውን ግፊት ይጨምራል። ያኔ መንግሥት ለእንዲህ ዓይነት መኪና ማበረታቻ ይሰጥ ስለነበር በብዛት ተሸጠ፣ ለዚህ ነው ማስታወቂያው ሁሉ ባዮፓወር የሆነው። ሁለት ነገር እወቅ። በኢታኖል ፍጆታው በሲሶ ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህ የፓምፑን ዋጋ አስልተህ ቅዳ። በከባድ ብርድ ደግሞ ቶሎ አይነሳልህም። የመኪና ማቆሚያህ የሞተር ማሞቂያ ሶኬት ካለው ማታ ሰክተህ ግባ።

ካንዴላዎቹ ላይ የሚቀመጠውን ጥቁር ካሴትም ልጥቀስልህ። አራቱንም ሲሊንደር የሚያቀጣጥለው እሱ አንዱ ነው። ሲሞት መኪናው ባለበት ይቆማል። ደግነቱ በአራት ብሎን ነው የሚፈታው። ሁለተኛ ገዝተህ የሻንጣ ቦታ ውስጥ አስቀምጥ። ክሩስኮቱ ላይ ያለው የኮምፒዩተር ጽሑፍ ተበጣጥሶ ቢታይህ አትደንግጥ፤ የሽቦው ነገር ነው፣ ይጠገናል። ባለ 3.0 ሊትር ቪ6 ናፍጣውን ግን በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ። የሲሊንደሮቹ የውስጥ ሽፋን የሚሰምጥ ሞተር ነው።

አሁን የ2011ዱ። ውበቱን አልክድህም። 5 ሜትር ርዝመት አለው፣ ከኋላ ሲታይ አንድ ወጥ የመብራት መስመር፣ ከውስጥ ክሩስኮቱ ወደ ሹፌሩ የዞረ። ማስነሻው ቁልፍ እንደ ድሮው በሁለቱ ወንበሮች መሃል ነው። መሠረቱ ከኦፔል ኢንሲግኒያ ጋር አንድ ነው። ጉልበታሙ 2.8 ቪ6 ቱርቦ 300 ፈረስ ይዞ አራቱንም ጎማ ይነዳል። ስነዳው ልቤ ነው የተነካው፤ ሰዎቹ ምን ሊሠሩ እንደነበር ይታይሃል።

ግን ጊዜ አላገኘም። በ2010 መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስ ሳብን ለሆላንዱ መኪና ሠሪ ለስፓይከር ሸጠ፣ መኪናው በዚያው ዓመት ገበያ ወጣ፣ በ2011 ጸደይ አቅራቢዎች ገንዘባቸው ስላልተከፈለ ፋብሪካው ቆመ። ታኅሣሥ 19 ቀን 2011 ኩባንያው ከሰረ። በዚህ ሁሉ የተሠራው 11 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ስቴሽኑማ ለሙከራ ከተሠሩት ጥቂቶች አላለፈም።

ይሄ ቁጥር ላንተ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ልንገርህ። ሞተሩና ፍሬኑ ከኦፔል ጋር ስለሚጋራ ዕቃ ይገኛል። መብራቱ፣ መስታወቱ፣ የአካሉ ቆርቆሮ ግን የሱ ብቻ ነው። አንድ ወዳጄ መኪናውን አቁሞ ገበያ ገብቶ ሲመለስ የኋላ መብራቱ ተሰብሮ አገኘው። አምስት ወር ፈለገ። በመሃል የዓመት ምርመራው ወደቀበት፣ ሌላ መኪና ተውሶ ሥራ ይሄድ ነበር። በመጨረሻ ከተገጨ መኪና ላይ አገኘ፤ ዋጋውን ባልነግርህ ይሻላል። አንድ መኪና ብቻ ላለው ቤተሰብ ይሄ አይሆንም። ለአሮጌው ግን በየመኪና አራጁ ጓሮ ዕቃ አለ፣ ኒሾፒንግ ያለው፣ ቀድሞ ኦሪዮ ይባል የነበረው ሄዲን ፓርትስም አዲስ መለዋወጫ ያቀርባል።

ስለዚህ ለሻጩ ደውልለት። ቀድሞ እንዳያሞቀው ንገረው፤ በቀዝቃዛው ሲነሳ ካቴናው ይጮህ እንደሆነ ስማ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ንዳው። ስትመለስ ማርሽ አውጥተህ ሞተሩን ሳታጠፋ ቁጭ በልና የዘይት መብራቷን ብቻ እያየህ አምስት ደቂቃ ጠብቅ። ብልጭ ካለች ውረድ፣ አመስግነህ ሂድ። ካላለች የዘይት ደረሰኞቹን ጠይቅ። ኮፓው ወርዶ ካላወቀ ቅዳሜ ወደዚህ አምጣው፣ ጓርኒሲዮኑን አንተ ግዛ፣ መፍቻው እኔ ጋ አለ።