ለወጣት ወርዋሪዎች፦ ክንዳችሁ ሲደክም ተናገሩ

ውድ ወጣቶች፣

በአሜሪካ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ከሠራሁባቸው ዓመታት አብዛኛውን ያሳለፍሁት ክርናቸውና ትከሻቸው የተጎዳ ልጆችን በማከም ነው፤ ከእነዚህም መካከል በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤዝቦል እየተጫወቱ ያደጉ የእኛው ልጆች ይገኙበታል። ይህን የምጽፈው ኳስ ወርዋሪ፣ ማለትም ለመቺው ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች፣ ለሆናችሁና ለመሆን ለምትመኙ ነው። አማርኛ ማንበብ የሚከብዳችሁ ካላችሁ ወላጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፤ ጉዳዩ እነሱንም ይመለከታልና።

ወርዋሪ ክንዱን ወደ ኋላ ወስዶ በኃይል ወደ ፊት ሲያስፈነጥር፣ በክርኑ የውስጥ በኩል ያለው ጅማት እስከ አቅሙ ጫፍ ይለጠጣል። በአዋቂዎች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ይኸው ጅማት ነው። ዕድገቱን ባልጨረሰ ልጅ ላይ ግን ጅማቱ ከተያያዘበት አጥንት ይልቅ ይጠነክራል፤ አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ገና ለስላሳ በመሆኑ መጎተቱን መቋቋም ያቅተውና ይቆስላል፣ አንዳንዴም ከዋናው አጥንት ይላቀቃል። በትከሻም ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ይደርሳል። አንድ ልጅ አውራ ጣቴን በክርኑ የውስጥ ጉብታ ላይ ሳሳርፍ ፊቱን ካጨማደደ፣ ሁለቱን ክንዶቹን ዘርግቶ ሲያሳየኝም የሚወረውርበት እጁ ሙሉ በሙሉ ሳይቀና ከቀረ፣ ራጅ ከመነሣቱ በፊት ብዙው ነገር ይገባኛል። ያ ልጅ ሕመሙ የጀመረው በዚያ ሳምንት እንደሆነ ቢነግረኝም፣ የክንዱ ሁኔታ የሚናገረው የወራትን ነገር ነው።

ብዙዎቻችሁ ቶሚ ጆን ስለተባለው ወርዋሪ ሰምታችኋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር ፍራንክ ጆብ በሎስ አንጀለስ ከቀኝ እጁ ጅማት ወስደው የተበጠሰውን የግራ ክርኑን ጅማት ተኩለታል፤ በ1976 ወደ ጨዋታ ተመልሶም እስከ 1989 ወርውሯል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ልጆች ቀዶ ጥገናው ክንድን ከቀድሞው የሚያጠነክር አድርገው ሲያወሩ መስማት ያሳዝነኛል። ሰውዬው ያኔ 31 ዓመቱ ነበር፤ የ1975ን የውድድር ዘመን በሙሉ አጥቷል፤ ከእሱ በኋላ ይህንኑ ሕክምና አድርገው ወደ ቀድሞ ደረጃቸው ያልተመለሱም አሉ። ከ2007 እስከ 2011 በአሜሪካ የተደረጉትን እነዚህን ቀዶ ጥገናዎች ከግል የጤና መድን መዛግብት የመረመረ አንድ ጥናት እንዳሳየው ከታካሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉ ወጣቶች ነበሩ። ይህን ቁጥር ባሰብሁ ቁጥር እንደ ሐዘን ይሰማኛል።

ገደብ የለም ማለት አይደለም። የልጆችን ቤዝቦል የሚያዘጋጀው ሊትል ሊግ በ2007 በኢኒንግ፣ ማለትም ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ በሚመቱበት የጨዋታ ዙር፣ መቁጠሩን ትቶ የተወረወሩ ኳሶችን መቁጠር ጀመረ። የአሜሪካ ከፍተኛው የሙያ ሊግ ሜጀር ሊግ ቤዝቦልና የአገሪቱ የቤዝቦል አስተዳዳሪ አካል ዩኤስኤ ቤዝቦል በ2014 ያወጡት ፒች ስማርት የተባለው መመሪያም በአንድ ቀን ሊወረወር የሚገባውን ከፍተኛ ቁጥር ለ9 እና ለ10 ዓመት ልጅ 75፣ ለ11 እና ለ12 ዓመት 85፣ ከ13 እስከ 16 ዓመት 95፣ ለ17 እና ለ18 ዓመት 105 አድርጎታል። ዕድሜው እስከ 14 የሆነ ልጅ በአንድ ቀን 66 ወይም ከዚያ በላይ ከወረወረ 4 ቀን ማረፍ አለበት። በዓመት ውስጥም ቢያንስ 4 ወር ከውድድር ውርወራ እንድትርቁ፣ ከዚያም 2 ወይም 3 ወር ያህሉን በተከታታይ ክንዳችሁን ከራሳችሁ በላይ አንሥታችሁ ምንም ሳትወረውሩ እንድትቆዩ ይመክራል።

ችግሩ ቆጣሪው ብዙ መሆኑ ነው። ቅዳሜ ለትምህርት ቤቱ፣ እሑድ ደግሞ ወላጆቹ ለከፈሉለት ተጓዥ ቡድን የሚወረውር ልጅ አለ፤ ሁለቱም አሰልጣኞች በየበኩላቸው ደንቡን አክብረዋል፤ የልጁን ክንድ ድምር ግን ማንም አልያዘም። በዚያ ላይ የማሟሟቂያው ውርወራ፣ በሳምንቱ አጋማሽ ከግል አሰልጣኝ ጋር የተሠራው ልምምድ፣ ከወረወረ በኋላ በካቸርነት (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሱን በሚቀልበው ተጫዋች ቦታ) ተሰልፎ ወደ ወርዋሪው የመለሳቸው ኳሶች ሁሉ በወረቀት ላይ የሉም። ስለዚህ ቆጠራውን ራሳችሁ ያዙ። ቀኑን፣ ቡድኑንና የወረወራችሁትን ብዛት በስልካችሁ መዝግቡ፤ ከጨዋታው በፊት ለአሰልጣኙ አሳዩት። በወረወራችሁበት ቀንም ካቸር ሆናችሁ አትሰለፉ።

ከቁጥር ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ድካም ነው። በበርሚንግሃም፣ አላባማ የሚገኘው የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ተቋም ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ክርናቸው ወይም ትከሻቸው ቀዶ ጥገና የተደረገለት 95 ወጣት ወርዋሪዎችን ጉዳት ካልደረሰባቸው 45 ጋር አነጻጽረው ነበር። በዓመት ከ8 ወር በላይ በውድድር መወርወር ለጉዳት የመጋለጥን ዕድል 5 እጥፍ ያሳደገ ሲሆን፣ ክንድ እየደከመ አዘውትሮ መወርወር ግን 36 እጥፍ አሳድጎታል። ድካም ከውጭም ይታያል፤ ክርኑ ከትከሻው ዝቅ ይላል፣ ኳሱ ከፍ ከፍ እያለ ያመልጣል፣ ልጁ በውርወራዎች መካከል ክንዱን ያራግፋል። ከማንም በፊት የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አስተዳደጋችን በግልጽ ልናገር። እኛ ቻይነትን አመስግነን ያሳደግናችሁ ሰዎች ነን። አባታችሁ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ እንቅልፍ ሳይተኛ ሁለት ሰዓት ነድቶ ወደ ሜዳ እንዳደረሳችሁ ስለምታውቁ፣ ክንዴ ደክሟል ማለት እሱን ማሳዘን መስሎ ይታያችኋል። ይህ አክብሮታችሁ ልቤን ይነካዋል። ነገር ግን ማንኛውም አባት በኋላ በሆስፒታል ኮሪደር ከሚጠብቅ ይልቅ ልጁ በሦስተኛው ኢኒንግ ሲወጣ ማየትን ይመርጣል። «አሰልጣኝ፣ ክንዴ ደክሟል፤ ሌላ ሰው ቢገባ ይሻላል» ማለት በቂ ነው። የሕመም ማስታገሻ ውጣችሁ ግን ፈጽሞ አትሰለፉ።

በጃፓን የሆነውን ላንሳ። በሐምሌ 2019 ሮኪ ሳሳኪ የተባለ የኦፉናቶ ትምህርት ቤት ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ 194 ኳስ ወረወረ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ በግማሽ ፍጻሜው 129 ጨመረ። በማግስቱ የሚደረገው ፍጻሜ አሸናፊውን ወደ ኮሺየን፣ አገሩ በሙሉ ወደሚመለከተው ውድድር የሚያሳልፍ ነበር። አሰልጣኙ ሊያሰልፈው አልፈቀደም፤ ቡድኑም 12 ለ 2 ተሸነፈ፤ ትምህርት ቤቱ የቁጣ ስልክ ጎረፈበት። ሳሳኪ በሚያዝያ 2022፣ በ20 ዓመቱ፣ አንድም ተቃራኒ ቤዝ ሳይረግጥበት ሙሉ ጨዋታ ወርውሮ 19 መቺዎችን በስትራይክ፣ ማለትም ኳሱን መምታት ሳይችሉ፣ አስወጣ። ከዚያ ወዲህ ትከሻውን አሞታልና ዕረፍት ሁሉን ይከላከላል አልልም። ያ አሰልጣኝ ግን በ17 ዓመት ልጅ ክንድ ላይ የወሰነው ውሳኔ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የጃፓን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤዝቦል ፌዴሬሽንም በ2020 በአንድ ሳምንት ከ500 ኳስ በላይ መወርወርን ከልክሏል።

ስለ ፍጥነት ብዙ አልልም፤ ሜጀር ሊግ በታኅሣሥ 2024 ያወጣው ሪፖርት የወርዋሪዎች ጉዳት ለመብዛቱ ፍጥነትን ማሳደድንና እያንዳንዱን ኳስ በሙሉ ኃይል መወርወርን ከዋነኞቹ ምክንያቶች ቆጥሯቸዋል። ስለዚህ ቁመታችሁ በፍጥነት በሚጨምርበት ዓመት ፍጥነት ለመጨመር ተብሎ በሚወረወረው ከባድ ኳስ ከመለማመድ ተቆጠቡ።

በጡንቻ ላይ የሚሰማና በአንድ ሁለት ቀን የሚለቅ ዝለት የተለመደ ነው። በክርን ወይም በትከሻ መገጣጠሚያ ላይ በጣት ልታሳዩት የምትችሉት ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ያኔ መወርወር አቁማችሁ የልጆችን የስፖርት ጉዳት ወደሚያውቅ ሐኪም ሂዱ። ራጅ የሚነሣ ከሆነ የጤነኛው ክርንም አብሮ ይነሣ እንደሆነ ወላጆቻችሁ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ከልክ በላይ መከፈቱ ብዙ ጊዜ የሚለየው ሁለቱን ክርኖች ጎን ለጎን በማየት ነው።