«ሀራራ ነው ተይው ይሉኛል»

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ባለቤቴ ባጃጅ ነው የሚሰራው። ድሮ ሳቂ ተጫዋች ነበር፣ ኳስ ካለ ስታዲየም ሳይሄድ አይውልም፣ አሁን ግን ወራት ሆነው ኳሱንም ጓደኞቹንም ትቷል። በትንሽ ነገር ይጮሀል፣ ራሴን ወገቤን ይላል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። በርጫው ረዝሟል፣ ከዛ ጨብሲ ነው። አማቴ ሀራራ ነው ተይው ይሉኛል። ሀኪም ጋ እንሂድ ስለው «እብድ አደረግሽኝ?» ብሎኝ ወጣ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አማትሽ ከመሬት ተነስተው አይደለም ያሉት፣ ሀራራ ሰውን እንዴት እንደሚያነጫንጭ የድሬ ሰው አይጠፋውም። ግን ሀራራ ጫቱ ሲቃም ይለቃል፣ የባልሽ ግን ቅሞም አለቀቀውም፣ ኳሱን ራሱ ትቷል እያልሽኝ ነው። ሰው ደስ የሚለው ነገር ደስ ሳይለው፣ እንቅልፉም ተበላሽቶ፣ ቀኑን አብዛኛውን እንዲህ ሆኖ ከ2 ሳምንት ሲያልፍ ሀኪሞች ድባቴን ይጠረጥራሉ። እኛ ድባቴ ሲባል ጥግ ይዞ የሚያለቅስ ሰው ነው የሚታየን፣ ወንዶች ላይ ግን ብዙ ጊዜ በቁጣ፣ በመጠጥ፣ በራስ ምታት ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ፀባዩ ከፋ ተብሎ ይታለፋል። ጫቱም አያግዝም፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ለሰዓታት ያነቃዋል ከዛ ሲወርድ ሙዱን ይዞት ይወርዳል እንቅልፍም ይነሳዋል፣ እንቅልፍ እንዲመጣ ጨብሲ፣ ጠዋት ብሶበት ይነሳል። የቱ ከየቱ እንደጀመረ ሀኪሙ ይለየው፣ ብቻ የሚቅመውንም የሚጠጣውንም ሳይደብቅ ይንገረው።

አነጋገርሽ ላይ ግን ተጠንቀቂ። በርጫ ላይ እንዳታነሺበት፣ ምርቃና ላይ ሁሉንም እሺ ይልሻል፣ ነገ እሄዳለሁ ብሎ ይምልልሻል፣ ጠዋት የለም። ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ልጆቹ ሳይኖሩ፣ «ራስህን ካመመህ ከረመ እንቅልፍም የለህም፣ እስቲ እንታይ» በይው፣ የአእምሮ ምናምን አትበይው መጀመሪያ። ማታለል አይደለም፣ ራስ ምታቱም እንቅልፍ ማጣቱም የህመሙ ምልክት ናቸው፣ ደም ማነስና የእንቅርት እጢ ችግርም እንዲህ ስለሚያደርግ ምርመራው ለማንኛውም ያስፈልገዋል። አንቺን ካልሰማ ደግሞ አብሮት ባጃጅ የሚሰራ የሚያከብረው ጓደኛ አይጠፋም፣ እሱ «አቦ ተነስ እንሂድ» ቢለው ይሻላል። ድል ጮራ ሆስፒታል ሄዶ ካርድ ያውጣ፣ እዛ ሰው ያየኛል ካለ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና አለ።

የድባቴ መድሀኒት ከታዘዘለት ለውጡ ለመታየት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አልሰራልኝም ብሎ ይጥለዋል። ሱስ አያስይዝም፣ ግን ተሻለኝ ብሎ ድንገት ማቆም የለም፣ ከመጠጥም ጋር አይሄድም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ህመም ነው ብዬ ነግሬሻለሁ ማለት እጁን ሲያነሳብሽ ቻይው ማለት አይደለም፣ እዛ ከደረሰ ልጆችሽን ይዘሽ ቤተሰብ ጋ ሂጂ።

«ብሞት ይሻለኛል» ካለ ወይም እንደሚሰናበት ሰው እቃውን ማደል ከጀመረ «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ?» ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂው። መጠየቅ ሀሳቡን አይፈጥርበትም፣ ብዙ ጊዜ እንደውም ይቀለዋል። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተይው፣ ቀጠሮም አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ጓደኛውን ደውለሽ በባጃጅ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።