ጥፊው ከወረደ በኋላ ካሜራው ወደ ማን ይዞራል?

ለድሬዳዋና ለሐረር ወጣት ፊልም ሠሪዎች፦

ድርሰቶቻችሁን አነበብኩ፤ ቀርጻችሁ የሰጣችሁኝንም ተመለከትኩ። አብዛኞቹ በሴት ልጅ ላይ የሚደርሰውን በደል ለማሳየት የተነሡ ናቸው። ልባችሁ ቀና መሆኑን ስላየሁ ደስ ብሎኛል። ሆኖም ገጸ ባሕርያቱ በአፋቸው አንድ ነገር ሲናገሩ ካሜራው ሌላ ሲናገር ደጋግሜ አስተውያለሁ። ዕድሜውን በፊልም ኤዲቲንግ ክፍል ያሳለፈ ሰው ይህን አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትምና ይህን ደብዳቤ ጻፍኩላችሁ።

ስለ ሴትና ስለ ወንድ ያለን የቆየ አመለካከት ፊልም ውስጥ የሚገባው በመልእክቱ በኩል አይደለም። ዛሬ «ሴት ደካማ ናት» ብሎ የሚጽፍ ደራሲ እምብዛም አይገኝም። የሚገባው ካሜራው የት ይቁም፣ ማን ይታይ፣ ማን ይሰማ ተብሎ በሚወሰንበት ጊዜ ነው። እነዚህን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምንወስናቸው ሳናስብባቸው፣ ከዚህ በፊት ያየነውን እየደገምን ነው።

አንዱን ትዕይንት ላንሣ። ባል አምሽቶ ይገባል፤ ሚስት የት እንደቆየ ትጠይቀዋለች፤ በጥፊ ይመታታል። ጥፊው ከወረደ በኋላ የምናየው ፊት የባልየው ነው። የመታበትን እጁን ትክ ብሎ ያያል፤ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ በረንዳ ወጥቶ ሲጋራ ይለኩሳል፤ ከሥር አንጀት የሚበላ ክራር ይገባል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሚስትየው የለችም። ጉንጯን ትያዝ፣ በሩን ትቆልፍ፣ ልጇን ታቅፍ አናውቅም። ደራሲው ድርጊቱን ሊያወግዝ እንደጻፈው አልጠራጠርም፤ ተመልካቹ ግን ከአዳራሹ ሲወጣ የሚያዝነው ለመቺው ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም፤ ሙያችን የቆመበት ነገር ነው። ሩሲያዊው የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ምንም ስሜት የማይነበብበትን አንድ የተዋናይ ፊት ወስዶ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፣ ሌላ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋር አቀናበረው። ተመልካቾቹ በዚያው ፊት ላይ አንድ ጊዜ ረሃብ፣ ሌላ ጊዜ ሐዘን እንዳዩ ይነገራል። ትርጉሙ የተፈጠረው በሁለቱ ምስሎች መጋጠሚያ ላይ ነበር። እናንተም ከጥፊው ቀጥሎ የማንን ፊት እንደምታስገቡ ስትወስኑ፣ ታሪኩ የማን ሕመም እንደሆነ እየወሰናችሁ ነው።

ያንኑ ትዕይንት አንድም ቃል ሳትጨምሩበት ማቃናት ትችላላችሁ። እሷ ላይ ቆዩ። ትንፋሿ ሲመለስ፣ በሩ ሥር ቆሞ የሚያየውን ልጇን ስታይ፣ የተገለበጠውን ብርጭቆ ሳታነሣ አልፋ ስትሄድ እንያት። ክራሩን አውጡት። የባልየው ጸጸት ለታሪኩ ካስፈለገ ቆይቶ ይድረስ።

ሌላው ሴት ገጸ ባሕርይ የምትገባበት መንገድ ነው። ወንዱ ሲገባ ካሜራው ፊቱን ያገኘዋል። እሷ ስትገባ ግን ከታኮ ጫማዋ ይነሣና በባቷ፣ በዳሌዋ፣ በደረቷ በኩል ተጉዞ ፊቷ ላይ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ይህ በአፍቃሪዋ ዓይን ቢቀረጽ አንድ ነገር ነው፤ አንዱ ፊልማችሁ ውስጥ ግን ሐኪም ሆና ወደ ድንገተኛ ክፍል የምትሮጥ ሴትም እንዲሁ ነው የተቀረጸችው! በሽተኛው እየሞተ ነው፤ እሷ ልታድነው እየሮጠች ነው፤ ካሜራው ጫማዋን ያያል። ቀረጻ ላይ ስትሆኑ «ወንድ ቢሆን እዚህ ጋ ካሜራውን እንዲህ አደርገው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የለም ከሆነ ካሜራውን አንሡት።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልለፍ። እኛ የምሥራቅ ልጆች የህንድ ፊልም እያየን ያደግን ነን። ፍቅሩን እስከ ዛሬ አልተውነውም፤ እንድትተዉትም አልመክርም። ነገር ግን ልጅቷ እምቢ ስትለው መንገድ እየዘጋ፣ እጇን እየያዘ፣ ሰፈሯ ድረስ እየተከተለ፣ በመጨረሻ በዘፈን የሚያሸንፋት ወጣት ከዚያም ከሌላውም ተለቃቅሞ ወደ ፊልሞቻችን ገብቷል። ሦስት ጊዜ እምቢ አለች፤ በአራተኛው ሳቀች፤ ሙዚቃው ከፍ አለ። የምትቀርጹት ጠለፋ በነበረበት አገር እንደሆነ አትርሱ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ በጸና ጋብቻ ካገባት ክሱ እንዳይቀጥል ይፈቅድ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፈነው፤ ለጋብቻ ብሎ የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድነውም። ሕጉ የተወውን ነገር ፊልማችን ይዞት ቀርቷል። መጨረሻው ሠርግ ስለሆነ መንገድ መዝጋቱም፣ እጅ መጠምዘዙም እንደ ፍቅር ይቆጠርለታል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህን አይቶ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የሚጠብቃትን ልጅ ያስባል። እምቢታዋ እምቢታ ሆኖ የሚቆይበት፣ እሱም ከዚያ በኋላ መኖር የሚችልበት የፍቅር ታሪክ ጻፉ። እሱ የሚደርስበት ሐዘን ራሱ አንድ ሙሉ ፊልም ይወጣዋል።

የድርሰቶቻችሁን ሴቶች ከከተማችን ሴቶች ጋር ሳስተያያቸው ደግሞ ይበልጥ አዝናለሁ። በወረቀቱ ላይ ያሉት አልቃሻ እናት፣ ገንዘብ የምትወድ ቆንጆ፣ የባለጸጋ ልጅና የምታስቅ የቤት ሠራተኛ ናቸው። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ወርዳችሁ ግማሽ ቀን ብቻ ቁሙ። ከአወዳይ የመጣውን ጫት የምትቸረችረዋን ሴት ተመልከቱ። ዙርባውን ፈትታ ቅጠሉን በጣቶቿ ስትለይ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው፤ ለአንዱ በኦሮምኛ ዋጋ ትነግራለች፤ ለሌላው በሶማልኛ ትመልሳለች፤ የአምናውን ባለዕዳ በአማርኛ ትገሥጸዋለች፤ በዚህ መካከል ብር ትቆጥራለች፤ አትሳሳትም። በሐረር ግንብ በጁገል ውስጥም አፎቻ በሚባለው የመረዳጃ ማኅበራቸው ተሰባስበው ሠርጉንና ሐዘኑን በሥርዓት የሚመሩ የሐረሪ እናቶች አሉ። ቤት ያስተዳድራሉ፣ ይነግዳሉ፣ ያስታርቃሉ። እነዚህ ሴቶች ፊልማችሁ ውስጥ የት ናቸው? ሲኖሩም ከጀርባ የሚያልፉ ወይም አፋቸው የሚያስቅ ናቸው። ቅድስት አድርጋችሁ አሳዩልኝ ማለቴ አይደለም፤ ጨካኝም፣ ስስታምም፣ ተንኮለኛም ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን የምትፈልገው ነገር ይኑራት፤ ትዕይንቱም በዚያ ፍላጎቷ ይንቀሳቀስ።

ስለ አነጋገር ካነሣሁ፣ ከገጠር የመጣች ሠራተኛ አማርኛዋ ሲሰባበር አስቂኝ ሙዚቃ የምታስገቡትን ነገር እባካችሁ ተዉ። ያቺ ልጅ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋዋን ነው የምትናገረው፤ የሚስቁባት አሠሪዎች ግን አንድ ብቻ ነው የሚያውቁት። በድሬዳዋ ተወልዶ በዚህ መሳቅ ነውር ነው።

አሜሪካዊቷ የካርቱን ሠዓሊ አሊሰን ቤክዴል በ1985 እ.ኤ.አ. በሥዕል ተረኳ ውስጥ ያስቀመጠችው፣ ሐሳቡንም ከጓደኛዋ ከሊዝ ዋላስ እንዳገኘችው የተናገረችለት አንድ ቀላል መመዘኛ አለ። በፊልሙ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሴቶች ይኑሩ፤ እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ፤ ወሬያቸውም ከወንድ ውጭ ስለሆነ ነገር ይሁን። ከላካችሁልኝ ውስጥ ብዙዎቹ ይህን አያልፉም። ማለፍ ብቻውን ፊልሙን ፍትሐዊ አያደርገውም፤ አለማለፉ ግን ድርሰቱን መልሳችሁ እንድታዩት ይበቃል።

ወንዶቹንም አትርሱ። ሥራ ያጣ ወንድ በፊልሞቻችን ወይ ይጠጣል ወይ ይደባደባል። ፈርቶ የማያውቅ፣ ልጁን አጥቦ የማያውቅ፣ ጓደኛው ትከሻ ላይ አልቅሶ የማያውቅ ወንድ እየደጋገማችሁ ስትቀርጹ፣ ወንድሞቻችሁን የማይኖሩትን ኑሮ ታስተምራላችሁ። ሐዘን ቤት ሄዳችሁ ወንዶቻችን እንዴት እንደሚያለቅሱ እዩ።

«ተመልካቹ የሚፈልገው ይህንን ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ፕሮዲውሰሮች ሲሉኝ ኖረዋል። ተመልካቹ የሚመርጠው ከቀረበለት ነው። ቆጣቢ መሆን ካለባችሁም፣ ካሜራን ከጫማ ወደ ፊት ማንሣት ብር አያስወጣም፤ ክራሩን ማውጣትም አያስወጣም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ድርሰት ስትሰጡኝ ከእያንዳንዷ ሴት ገጸ ባሕርይ ጎን በዚያ ትዕይንት ምን እንደምትፈልግ በአንድ መስመር ጽፋችሁ አምጡ። ቀረጻው ሲያልቅም የመጀመሪያውን ቅንብር ለእኔ ከማሳየታችሁ በፊት ለእናቶቻችሁና ለእኅቶቻችሁ አሳዩ። ስክሪኑን ተዉትና እነሱን ተመልከቱ፤ የት ላይ እንደሳቁ፣ የት ላይ ፊታቸውን እንዳዞሩ በማስታወሻ ያዙ። ማስታወሻውን ይዛችሁ ኑና ኤዲቲንጉን አብረን እንጀምራለን።