ባላንጣ ይዘከራል ወይ?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ለሚያዝያ 4 በተማሪዎቻችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ «አሜሪካውያን ሳይቀሩ የባላንጣቸውን የዩሪ ጋጋሪንን በረራ ይዘክራሉ» ብዬ ጻፍሁ። የአማርኛ አስተማሪው ባልደረባዬ «ዝክር የጻድቃን ነው፤ ደግሞስ ባላንጣውን ማን ይዘክራል?» ብሎ ሞገተኝ። ተማሪዎቹም ለሁለት ተከፈሉ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ በ«ይዘክራሉ» እርስዎ ረትተዋል፤ በ«ባላንጣ» ባልደረባዎ።

ጎጃም ላይ ዝክር ሲባል በ12 ሚካኤልን፣ በ23 ጊዮርጊስን የሚዘክር ሰው ቤት፣ ጠላውና ዳቦው ፊታችን ድቅን ይላል። ስለዚህ የባልደረባዎ ቅሬታ ይገባኛል። የግዕዙ ዘከረ ግን አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነው፤ ጽድቅ አይጠይቅም። ከዚሁ ግንድ የወጣው ተዝካርም ጻድቅ ኃጥእ ሳይባል ለሟች ሁሉ ይወጣል። ቤተ መዘክር ውስጥ ከጠላት የተማረከ መሣሪያ ሲቀመጥ ማን ተቃወመ?

ለእኔ ነገሩ ያለው ከግሱ ይልቅ በተሳቢው ላይ ነው። «ጋጋሪንን ይዘክራሉ» ብለው ቢሆን በእርግጥ ጠላ የተጠመቀለት ይመስል ነበር። «የጋጋሪንን በረራ» ሲሉ ግን የሚታሰበው ሥራው ነው፤ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፈር ወጥቶ፣ ምድርን አንዴ ዞሮ በ108 ደቂቃ የተመለሰበት ሥራ። «ያከብራሉ» ቢሉ ደግሞ ሌላ ነው። ማክበር ውስጥ «በዓሉ የእኔም ነው» ማለት አለ። አሜሪካ ውስጥ «በእነሱ ድል እኛ ምን ቤት ነን?» የሚል ሰው ቢኖር የሚቆረቁረው ይኸው ይመስለኛል፤ ማሰቡ ሳይሆን ባለቤት መሆኑ።

ወደ ባላንጣ ልምጣ። ባላንጣ ደም የተቃባ፣ ክፉህን የሚመኝ ነው። ባላጋራ የችሎት ሽታ አለው፤ ተቀናቃኝ ለወንበር ይስማማል። እኔ የምመርጠው ተፎካካሪን ነው፤ ግንዱ ፎከረ ነውና። ፉከራ ያየ ጎጃሜ ያውቀዋል፦ አንዱ ዘሎ ወጥቶ ገድሉን ይቆጥራል፣ ሌላው ሰምቶ በተራው ይነሣል። የሚሰማ ከሌለ ፉከራ የለም። የሞስኮና የዋሽንግተን የጠፈር ነገርም እንዲህ ነበር። ጋጋሪን ሲመለስ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለሶቪየት ኅብረቱ መሪ ለክሩሽቾቭ የደስታ መልእክት ልኳል። የአሜሪካው አፖሎ 11 ጠፈርተኞች የጋጋሪንንና የሌላውን የሶቪየት ጠፈርተኛ የኮማሮቭን ሜዳይ ጨረቃ ላይ ትተው ተመልሰዋል፤ ሁለቱም ያኔ በሕይወት አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1971 አፖሎ 15 እዚያው ጨረቃ ላይ ያኖረው ሰሌዳም የሁለቱን አገሮች ሟች ጠፈርተኞች 14 ስም ጎን ለጎን የያዘ ነው። ይህን ሁሉ ዘርዝረው «ባላንጣ» ቢሉ ተማሪው አያምንዎትም። «አሜሪካውያን ሳይቀሩ የተፎካካሪያቸውን የዩሪ ጋጋሪንን በረራ ይዘክራሉ» ይበሉ፤ ባልደረባዎም ዝም ይላሉ ብዬ አስባለሁ።

ሳልጠየቅ አንድ ልጨምር። ጋዜጣው ላይ «1961» ብለው ከሆነ «እ.ኤ.አ.» እንዳይረሱ። በእኛ አቆጣጠር ጋጋሪን የወጣው በ1953 ነው። በ1961፣ ሐምሌ 13 ቀን፣ ጨረቃ ላይ ያረፉት አሜሪካኖቹ ናቸው። ሦስቱ ፊደላት ከቀሩ የአንዱን ድል ለሌላው ሰጡት ማለት ነው።