ብርሃኑ ደከመ ማለት መድኃኒቱ ተገኘ ማለት ነው?

ሰላም ጠያቂያችን። «የሚያበራ ሞፍ የአንቲባዮቲክ ቅሪት ያለበት ውሃ ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ የሚደክመው መድኃኒቱ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ስለሚገባ ነው?» ብለዋል። አንዳንዴ አዎ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም።

ሞፍ የብረታ ብረት (የሜታል) አዮኖች በኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ተያይዘው የሚሠሩት፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ክሪስታል ነው። አልትራቫዮሌት ሲያርፍባቸው ብዙዎቹ ያበራሉ። ዩሮፒየም ያለበት ቀይ፣ ተርቢየም ያለበት አረንጓዴ።

አሁን ናይትሮፉራዞን የተባለውን አንቲባዮቲክ እንውሰድ። መድኃኒቱ ራሱ 375 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን አጥብቆ ይመጥጣል። ሞፉን የሚያነቃቁት በዚያው ብርሃን ከሆነ፣ መድኃኒቱ መንገድ ላይ ይሻማዋል። ሞፉን ሳይነካው ብርሃኑ ይደክማል! ያንኑ ብርሃን የሚመጥጥ ሌላ ቢጫ ነገር ቢገባም ውጤቱ ያው ነው። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ያልነበረን መድኃኒት «አለ» ያሰኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ የመድኃኒቱን ብቻ የብርሃን አመጣጠጥ ለክተው ሞፉን ከሚያነቃቁበት ብርሃን ጋር ያስተያዩት። የፍሎረሰንሱን ዕድሜም፣ ማለትም የሚያነቃቃው ብርሃን ከተቋረጠ በኋላ ሞፉ ማብራቱን የሚቀጥልበትን ጊዜ፣ ይለኩ። ድምቀቱ ቀንሶ ዕድሜው ካልተነካ፣ ሽሚያው አንዱ ተጠርጣሪ ነው።

እኔ ብሆን የሚደምቅ ምልክት እመርጣለሁ። ለምሳሌ በአንትራክስ (አባ ሰንጋ) ባክቴሪያ ስፖር ውስጥ የሚገኘው ዳይፒኮሊኒክ አሲድ ተርቢየም ላይ ሲጣበቅ የመጠጠውን ኃይል ያቀብለዋል፤ አረንጓዴው ቦግ ይላል። አጠገቡ የማይለወጥ ሌላ ቀለም ካለ ደግሞ ሁለቱን ማነጻጸር ነው። የመሣሪያው መብራት ትንሽ ቢዋዥቅም ልኬቱ አይሳሳትም።

ሽንት ወይም ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ላይ ሳይሞክሩት ግን አይመኑት። ፕሮቲኑም ራሱ ያበራል።