የካንዴላ ገመድ የሚበላ ሄደር

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ዳላስ ነው። የ1979 ሞዴል ሸቭሮሌ ፒክአፕ አለኝ፤ ሞተሩ 350 ቪ-8 ነው። የፋብሪካውን ማኒፎልድ (የሞተሩን ጭስ የሚሰበስበውን ብረት) አውጥቼ በምትኩ ሄደር፣ ማለትም ለየሲሊንደሩ የራሱ ቱቦ ያለው የጭስ ማውጫ፣ አስገባሁበት፤ ድምፁ ልብ ያሞቃል። ችግሩ የ7ኛው ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ቱቦው ላይ እየተደገፈ ይቀልጣል። ቀይሬው ነበር፣ አሁንም ያው ነው። ሀይዌይ ላይ ነዳጅ ስረግጥ ሚስ ያደርጋል፣ ሲሊንደሩ መተኮስ ይስታል። አንዱ ጓደኛዬ ወፍራም ባለ 10 ሚሊሜትር ገመድ ግዛ ይለኛል፣ ሌላው ናስትሮ ጠቅልልበት ይላል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም አትስማ። ናስትሮ ሙቀቱን ሲያገኝ ቀልጦ ይጣበቅና ሌላ ጣጣ ይሆንብሃል። ወፍራሙም ገመድ ቢሆን ሽፋኑ ያው ሲሊከን ነው። ጥሩ ሲሊከን 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቢበዛ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ይችላል፤ የሄደር ቱቦ ግን ሞተሩ ሲጫን ከ400 ያልፋል። ብረቱን እስከነካ ድረስ ቀጭኑም ወፍራሙም ይቃጠላል፣ ወፍራሙ ሲቃጠል ብቻ ኪስህም አብሮ ይቃጠላል።

የድሮው ማኒፎልድ ወፍራም ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነበር። ቴስታታውን (ካንዴላዎቹ የሚገቡበትን የሞተሩን ራስ) ተጠግቶ ነው የሚሄደው፣ ለገመዱ ቦታ ይተዋል። የሄደር ቱቦ ግን ስስ ነው፣ ካንዴላውን ከቦ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልገው ክፍተት ነው። ካንዴላው ላይ የሚሰካውን የጎማ ቆብ ተመልከት። ቀጥ ያለ፣ 45፣ 90 እና 135 ዲግሪ የታጠፈ ይሸጣል፤ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ እያዟዟርክ የትኛው ከቱቦው እንደሚያርቀው እይ። ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ካገኘህ ግማሹ ሥራ አለቀ። ያን ያህል ቦታ ከሌለ የሴራሚክ ቆብ ያለው ገመድ አለ፣ ዋጋው ይጠነክራል እንጂ እሱ አይቀልጥም። ከፋይበርግላስ የተሠራ እጅጌም ከቆቡ ላይ ታጠልቅበታለህ፣ እሱ ግን ረዳት ነው፤ እጅጌ አለ ብለህ ገመዱን ብረት ላይ እንዳታስተኛው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በል። የዚህ ሞተር አተኳኮስ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱበት ተራ፣ 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው። 5 እና 7 ጎን ለጎን ናቸው፣ ደግሞም ተከታትለው ይተኩሳሉ። ብዙ ሰው ገመዶቹን ከሄደሩ ለማራቅ ብሎ ሁለቱን አጣብቆ በአንድ ላይ ያስራቸዋል፣ በተለይ ሽፋናቸው የተጎዳ ከሆነ የ5ኛው እሳት ወደ 7ኛው ይዘልና ሲሊንደሩ ያለ ሰዓቱ ይተኩሳል፣ ይህ ደግሞ ፒስተን ሊያበላሽ ይችላል። በፕላስቲክ ማለያያ አራርቃቸው። መሻገር ካለባቸው ተቆራርጠው ይለፉ እንጂ አብረው አይተኙ።

ገመዱ አሁንም እሳት እያፈሰሰ መሆኑን ለማየት ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ከፍተህ ሞተሩን አስነሳ። ሰማያዊ ብልጭታ ካየህ ያ ገመድ አብቅቶለታል። በእጅህ ግን አትንካው፤ የዚያ ዘመን ኤችኢአይ ዲስትሪቢውተር (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ክፍል) ከ30,000 ቮልት በላይ ያወጣል። ስትነቅለውም ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ገመዱን ሳይሆን ቆቡን ይዘህ ጠምዘዝ እያደረግክ።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከተቃጠለ ሄደሩ ከሚገባው በላይ እየጋለ ነውና ገመዱን ተወው። ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ሰዓት) ወደኋላ ከቀረ ነዳጁ ቱቦው ውስጥ ሆኖ ይነዳል። ካርቡራቶሩ ነዳጅ ካሳነሰም ያው ነው፣ ሄደር ከገባ በኋላ ደግሞ ይህ የተለመደ ነው፣ ምክንያቱም ሞተሩ በቀላሉ ይተነፍሳል፣ ካርቡራቶሩ ግን ለድሮው ማኒፎልድ እንደተስተካከለ ነው። ሦስተኛ የሄደሩን ብሎኖች ፈትሽ። አዲስ ሄደር ጥቂት ጊዜ ግሎ ሲቀዘቅዝ ብሎኑ ይላላል፣ በጋስኬቱ በኩል የሚሾልከው ትኩስ ጭስ ደግሞ ልክ ቆቡ ላይ ይነፍሳል። ጠዋት በብርድ ስታስነሳው ጠክ ጠክ የሚል ድምፅ ከሰማህ እሱ ነው። እኔ ብሆን ከዚህ ነበር የምጀምረው፣ መፍቻ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው። እኔም ሄደር አለኝ፤ ገመዱን ለማዳን ቱቦውን ራሱን በፋይበርግላስ ጨርቅ ብጠቀልለውስ?

መልስ፦ ኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን እናንተ ጋ ክረምት ላይ መንገዱ ጨው ይነሰነስበታል። ጨርቁ እርጥበትና ጨው ይዞ ያስቀራል፣ ተራ ብረት ከሆነ ከሥሩ ይዝጋል፣ ስትፈታው ነው የምታየው። ብዙ አምራቾችም ከተጠቀለለ ዋስትና የለም ይላሉ። ሄደሩ ከወጣ አይቀር በሴራሚክ አስቀባው። ጠቅልለኸው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሲግል ክፉኛ ይጨሳል፤ ጋራዥ ውስጥ ዘግተህ አታስነሳው፣ ውጭ አውጣው።