ስድስት ዓመት የተተወ የቡና መሬትን ከወፍ ቆሎና ከሐረግ ስለማጽዳት

ጠያቂያችን ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ከአባታቸው የወረሱት አንድ ሄክታር ተኩል የቡና መሬት ስድስት ዓመት ሳይነካ በመቆየቱ የወፍ ቆሎ የሚባለው መጤ ቁጥቋጦ እንደወረረው፣ የጥላ ዛፎቹን ሐረግ እንደጠቀለላቸው፣ በምንጩ በኩልም ባሕር ዛፍ እንደበዛ ገልጸው፣ እሳት ይሻላል ወይስ የአረም መድኃኒት ብለው ጠይቀዋል። እኔም በ2008 ዓ.ም. ተመሳሳይ መሬት ተረክቤ ሁለቱንም ስለሞከርኩ፣ ያጠፋሁትንም ሆነ የተሳካልኝን ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያው የበጋ ወቅት ስምንት የቀን ሠራተኞች ቀጥሬ መሬቱን በገጀራ ከዳር እስከ ዳር ካስመነጠርኩ በኋላ፣ የተቆረጠው ሲደርቅ እዚያው በተኛበት እሳት ለቀቅሁበት። መሬቱ ለሁለት ወር ያህል ንጹሕ መስሎ ታየኝ። ሰኔ ሲገባ ግን ከእያንዳንዱ ጉቶ አምስትና ስድስት ቀንበጥ ተነሣ፤ ጥላውን ባጣው ባዶ አፈር ላይም ችግኙ እንደ ጤፍ ቡቃያ ፈላ፤ እሳቱ የለበለባቸው ሁለት የሰሳ ዛፎችም በዓመቱ ደረቁ። የወፍ ቆሎ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ለአጥርና ለጌጥ ተብሎ በዓለም የተሠራጨ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ አንድ ያደገ ተክል በዓመት እስከ 12,000 ፍሬ ሊያፈራ ይችላል፤ ፍሬውን ወፎች በልተው በየዛፉ ሥር ስለሚጥሉት ዘሩ ከዓመት ዓመት አፈር ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ገንዘብዎን ሁሉ ለመጀመሪያው ምንጠራ አያውጡት፤ ቢያንስ ግማሹን ለቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ያስቀምጡት። እኔ ይህን ባለማድረጌ የመጀመሪያውን ዓመት ሥራ እንደ አዲስ ደግሜ ሠርቼዋለሁ።

በኋላ የተሳካልኝ አሠራር የሚከተለው ነው። ቁጥቋጦውን በበጋ እስከ ጉልበት ቁመት ድረስ ብቻ ቆርጬ፣ የቀረውን ግንድ እንደ እጀታ እንዲያገለግል እተወዋለሁ። ዝናቡ አፈሩን ሲያለሰልሰው፣ ማለትም በግንቦት መጨረሻና በሰኔ፣ አንዱ ሰው ያንን እጀታ ይዞ ሲጎትት ሌላው ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበትን እብጥ በዶማ ከሥር ይፈነቅለዋል። ቀጫጭኑ ሥር አፈር ውስጥ ቢቀር ብዙም አያሳስብም፤ እብጡ ከቀረ ግን መልሶ ያቆጠቁጣል። የተነቀለው ሥሩ ወደ ላይ ተደርጎ ከአፈር በራቀ ክምር ላይ መቀመጥ አለበት፤ እርጥብ መሬት ከነካ እንደገና ሥር ይሰዳልና። ማቃጠል ካስፈለገም ክምሩ ከቡናውና ከጥላ ዛፎቹ ርቆ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ይሁን። ሥራውንም በጣም ከተወረረው መካከል ሳይሆን ሳሳ ካለው ዳር ጀምሬ፣ ያጸዳሁትን እየጠበቅሁ ነበር ወደ ውስጥ የምገባው፤ ደቦ የጠራሁበት ቀን እንኳ ከአቅሜ በላይ የሆነ ቦታ እንዳይከፈት እከላከል ነበር።

ከብቶች ካሉዎት አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የወፍ ቆሎ ቅጠል ጉበት ይመርዛል፤ የበላው ከብት ዐይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ፀሐይ ሲመታውም ቆዳው ይቆስላል። ከተቆረጠ በኋላ የጠወለገውም ቢሆን መርዝነቱ አይጠፋም። የጎረቤቴ ጊደር የታመመችው እኔ በአጥር ላይ ከወረወርኩት ቅርንጫፍ በልታ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ወደ መድኃኒቱ ስመጣ፣ ፈጽሞ አይነካ የምል ሰው አይደለሁም፤ በቡና መካከል መርጨትን ግን አልመክርም። በሁለተኛው ዓመት ግላይፎሴት የተባለውን የአረም ማጥፊያ ረጭቼ፣ ቀላል የመሰለኝ ነፋስ ወደ ቡናው ወስዶት፣ አዲሱ ቅጠል ጠቦና ቢጫ ሆኖ እንደ ሪባን ወጣ። መሣሪያ ሊደርስበት በማይችል የድንጋይ ሥር ለበቀለ ጉቶ ግን፣ ግንዱን ዝቅ አድርጎ ቆርጦ ቁስሉ ሳይደርቅ በደቂቃዎች ውስጥ በብሩሽ መቀባት ይሠራል፤ መጠኑ በዕቃው ላይ በተጻፈው መሠረት፣ እጅም በጓንት ተሸፍኖ ይሁን። ቡናዎን በኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ለሚሸጥ ማኅበር የሚያስረክቡ ከሆነ ይህም ስለሚከለከል፣ አስቀድመው ማኅበሩን ይጠይቁ።

ሐረግን በተመለከተ ትልቁ ስሕተት ከዛፍ ላይ ጎትቶ ማውረድ ነው። ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ የተሰበረው ደግሞ ከታች ባለው ቡናና በሰው ራስ ላይ ይወርዳል። አንድ ጊዜ በደረት ቁመት፣ አንድ ጊዜ ከመሬት አጠገብ ቆርጠው መካከሉን ያንሡት፤ የላዩ በራሱ ጊዜ ደርቆ ይረግፋል፣ የታቹን ሥሩን ቆፍረው ያወጡታል። ይሁን እንጂ በጅማ ደን ውስጥ ያለ ሐረግ ሁሉ መጤ አይደለም፤ ብዙው የደኑ ተወላጅ ነው፣ ገመድና የአጥር ማሰሪያም ይሆናል። ቀንጠፋም እሾሁ ቢያስመርርም የአገራችን ተክል ሲሆን፣ አበባውን ንብ ይወደዋል። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ንጉሡ ሊዘምት ሲል በየአቅጣጫው ያለ ቀንጠፋ እንዲቆረጥ ዐዋጅ ይነገር እንደነበር ጽፏል፤ እኔ ግን ከመንገዱ ላይ ብቻ አንሥቼ፣ ቀፎ በሰቀልኩበት ዳር ትቼዋለሁ።

ባዶ የቀረ ቦታ ደግሞ እንደገና ይወረራል። የወፍ ቆሎ ብርሃን ስለሚወድ በጥቅጥቅ ጥላ ሥር ይዳከማል፣ ፍሬውም ያንሳል። ስለሆነም ከመመንጠርዎ በፊት የሰሳ፣ የብርብራና የዋንዛ ችግኝ አዘጋጅተው፣ የተነቀለበትን ቦታ በዚያው ክረምት ይትከሉበት፤ ጥላው እስኪደርስ ሰስባንያ የተባለው ትንሽ ዛፍ ቶሎ አድጎ ይሸፍናል፣ ጥላና እርጥበት ባለበት ጥግ ደግሞ ኮረሪማ ቦታውን ይዞ ገቢም ያስገኛል። ያረጀውን ቡና ሁሉ በዚያው ዓመት ለመጎንደል፣ ማለትም አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ግንዱን ዝቅ አድርጎ ለመቁረጥ፣ አይቸኩሉ፤ ጉንደላ ተጨማሪ ብርሃን ስለሚያስገባ፣ እኔ በየዓመቱ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነበር የምጎነድለው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው፦ በክረምት በየወሩ፣ በበጋ በየሁለት ወሩ መሬቱን እየዞሩ ችግኙን በእጅ መንቀል። በአራተኛው ዓመት ለእኔ በሳምንት ግማሽ ቀን ይበቃኝ ነበር።

ባሕር ዛፉን ከምንጩ አጠገብ ቢያነሡት መልካም ነው፤ ነገር ግን ቆርጠው ከተዉት ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ፣ በተቻለ መጠን ከመሬት ዝቅ አድርገው ቆርጠው የጉቶውን ቅርፊት እስከ አፈሩ ውስጥ ይላጡት፤ የሚወጣውንም ቀንበጥ ሳያድግ፣ በየስድስት ሳምንቱ ያህል፣ እስኪደክም ድረስ ይቁረጡት። የአገር በቀል ዛፍ መቁረጥ ካስፈለገ ግን አስቀድመው የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ያማክሩ።

ሐረጎቹን ከመቁረጥዎ በፊት የቅጠላቸውንና የግንዳቸውን ፎቶ እዚህ ቢለጥፉልን፣ የትኛው የደኑ ተወላጅ እንደሆነ የሚለዩ አረጋውያን በቡድናችን ውስጥ ስላሉ አብረን እናያቸዋለን።